ከቤት ሳይወጣ ከዓይን የሚወጣ ቴሌቪዥን

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሳሎናችን 5 ሜትር ከ40 በ4 ሜትር ከ20 ነው። ከመግቢያው በር ፊት ለፊት በረንዳ አለ። ሲገቡ በግራ ያለው ረጅም ግድግዳ በርም መስኮትም የለውም፤ እዚያ ቡፌ፣ ቡፌው ላይ ደግሞ 55 ኢንች ቲቪ ተቀምጧል። ኤል ሼፕ ሶፋችን ወደ እሱ ዞሯል፤ አጭሩ ክንዱ በረንዳውን ጀርባ ይሰጠዋል። ባለቤቴ ኳስ ይወዳል፤ አብረውን የሚኖሩት እናቴ ከሰዓት በኋላ የማያሳልፉት ድራማ አላቸው፤ ልጆቻችን 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። ቲቪው ይውጣ አላልኩም። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን መሆኑ ግን ሰለቸኝ። አንድ አናጺ በር ያለው ትልቅ ቁም ሳጥን ልሥራልሽ ብሎኛል። ልስማማ?»

ገና አይስማሙ። አናጺው ክፉ ሐሳብ አላመጣም፤ ከመጨረሻው ነው የጀመረው። ቁም ሳጥኑ አምሮ ቢሠራም ሶፋው ወደዚያው እንደዞረ ከቀረ፣ አምስት ሰው ተደርድሮ የተዘጋ በር ሊያይ ነው። የተዘጋ በር እያየ የሚያመሽ ሰው ደግሞ የለም። በሳምንቱ ይከፈታል፣ በወሩ መዝጋቱ ይረሳል።

ይህን የምለው ራሴ ስለወደቅኩበት ነው። የቤት ውስጥ ማስዋብ ሥራዬን በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ ቤተሰብ ከዋንዛ እንጨት ባለ ሁለት በር የቲቪ ሳጥን አሠራሁ። እያንዳንዱ በር 70 ሴንቲ ስፋት ነበረው። ሲዘጋ ከመሃሉ መስመር በቀር ምንም አይታይም፤ ፎቶ አነሣሁት፣ ኮራሁበት። ያላሰብኩት አንድ ነገር፣ በሮቹ ተከፍተው እንዲያልቁ የሳሎኑ ጠረጴዛ ከቦታው መነሣት ነበረበት። ከሦስት ወር በኋላ ቡና ተጠርቼ ስሄድ አንደኛው በር ተነቅሎ አልጋ ሥር ገብቷል፣ ሌላኛው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። የቤቱ እመቤት ጨዋ ናቸው፤ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ብቻ...» አሉኝ። ያቺን «ብቻ» እስካሁን እሰማታለሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አጭር ነው፦ ቲቪው ምንም ዕቃ ሳይነሣ፣ በአንድ እጅ፣ ከሦስት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ካልተገለጠና ካልተከደነ ሥራው አልሆነም።

ቲቪ መሸፈን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር በጥቂት ቤቶች ብቻ የነበረው ዕቃ እንደ ቤት ዕቃ በእንጨት ሣጥን የተሠራ ነበር። በኋላ በብዙ ቤት ሲገባም እናቶቻችን በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ያለብሱት ነበር። ለአቧራም፣ ለክብርም። ሰዓቱ ሲደርስ ዳንቴሉ ይነሣል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ዳንቴሉን ያስቀረው የዕቃው መቅጠን ነው፤ ጀርባው ወፍራም የነበረው ቲቪ አናቱ ላይ ጨርቅ ይይዝ ነበር፣ የአሁኑ የሚይዝበት አናት የለውም። እርስዎ የፈለጉት እንግዲህ የአያትዎን ልማድ በሌላ መላ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ሶፋው ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። የድሮ ሳሎናችን ወንበር በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ ይደረደር ነበር። ማኅበር ሲኖር፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ይተያያል። ፈረንጅ አገር ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ሰዎችን እርስ በርስ ለማስተያየት ብዙ ይደክማሉ፤ እኛ ግን ነበረን። ያፈረሰው ኤል ሼፕ ሶፋ ነው። ቅርጹ ራሱ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚከፈት፣ በተከፈተበት በኩል የሚታይ ነገር ይጠይቃል፤ እዚያ ደግሞ ቲቪ ይመጣል። ሶፋ ሻጮቹም አዳራሻቸው ውስጥ እንዲያው አድርገው ነው የሚያሳዩት።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የአደሬ ቤት ገብተው ከሆነ ሌላ ዓይነት መልስ አይተዋል። ጊዲር ጋር የሚባለው ትልቁ ክፍል ነደባ በሚባሉ፣ ከፍታቸው በሚለያይ መደቦች የተሞላ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በደረጃ የታወቀ ነው። ግድግዳው ደግሞ በስፌት፣ በሳህንና ዕቃ በሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች ያጌጠ ነው። የገባ ሰው ዓይን የሚያርፈው መጀመሪያ በሰዎቹ፣ ቀጥሎ በቤቱ እመቤት የእጅ ሥራ ላይ ነው። እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ቲቪ ቢገባ እንኳ አንድ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ክፍሉ ጌታ አለውና። የእርስዎም ሳሎን ጌታ ይፈልጋል። ከጻፉልኝ ልኬት ያየሁት እጩ በረንዳው ነው፤ ብርሃንም አየርም በዚያ ይገባል። ሶፋው ግን ጀርባውን ሰጥቶታል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ኤል ሼፕ ሶፋ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በብረት መንጠቆ ወይም በብሎን የተያያዙ ሁለት ቁራጮች ነው። ገልብጠው ይዩት፤ ከሆነ ይለያዩት። ረጅሙን ቁራጭ ጀርባውን ለመግቢያው በር፣ ፊቱን ለበረንዳው ሰጥተው ከበሩ 1 ሜትር ከ10 ያህል ለመተላለፊያ ትተው ያቁሙት። «ሶፋ ከግድግዳ ተነጥሎ ይቆማል እንዴ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይቆማል። ጀርባው የሚያስጠላ ጨርቅ ከሆነ ዝቅ ያለች የመጽሐፍ መደርደሪያ ከኋላው ይደገፍ፤ የገባ ሰው ቁልፉንና ቦርሳውን የሚያሳርፍባት ቦታም ትሆናለች። አጭሩን ቁራጭ በቀኝ ግድግዳ በኩል ያድርጉት። ለእናትዎ ደረቅ ያለ፣ ለመነሣት የሚመች፣ ክንድ ያለው አንድ ወንበር በረንዳው አጠገብ በግራ ይቀመጥ።

በረንዳው ፊት በቀኝ የሚተርፈው ቦታ የቡና ነው። ረከቦቱ በበዓል ብቻ ከአልጋ ሥር የሚወጣ ሳይሆን ቋሚ ቦታ ያለው ይሁን። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በረንዳው በር ተከፍቶ እንጂ በዝግ ቤት አይሆንም፤ ጭስ የሌለው የሚመስለው የከሰል ፍም እንኳ የሚገድል ጋዝ አለው። ለዕጣኑም ያው ነው፤ ከሶፋው ጨርቅና ከሚሠራው ቁም ሳጥን የራቀ ጥግ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ባለቤትዎ «እና ኳሱን ከየት ነው የማየው?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀኝ ካለው ቁራጭ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከስክሪኑ ከ3 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ለ55 ኢንች ጥሩ ነው። በረንዳውን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ግን ቲቪው ወደ ግራው ሰያፍ ይሆንበታል። ለዚህ መፍትሔው ስክሪኑ በሚታጠፍ ክንድ ላይ እንዲሰቀል ነው፤ ሲፈለግ ተስቦ ወጥቶ ወደ ሶፋው ይዞራል። በረንዳው በጎን በኩል መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። የእንግሊዝ ኳስ ቅዳሜ የሚጀምረው እንደ ወቅቱ በ11 ወይም በ12 ሰዓት ነው። በረንዳችሁ ወደ ምዕራብ ከሆነ የጀምበሩ ብርሃን ስክሪኑን በቀጥታ ሳይመታ በአጠገቡ ያልፋል፤ ቀጭን መጋረጃ ይበቃዋል።

የአናጺው ተራ አሁን ነው። አሁን ያለዎት ቡፌ ምናልባት 45 ወይም 50 ሴንቲ ወደ ሳሎኑ ይገባል፤ ያ ጥልቀት የቀረ ዘመን ትዝታ ነው። ለአዲሱ 30 ሴንቲ ይበቃል። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ60 ይሁን፤ ቲቪውን ብቻ ከሸፈኑት ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሣጥን ሆኖ «እዚህ ውስጥ ቲቪ አለ» ብሎ ይጮሃል። ከበረንዳው በኩል ስንነሣ መጀመሪያ 72 ሴንቲ ክፍት መደርደሪያ፣ ቀጥሎ 144 ሴንቲ የቲቪው ቦታ፣ እንደገና 72 ሴንቲ ክፍት መደርደሪያ፣ በመጨረሻም ወደ በሩ 72 ሴንቲ ዝግ ቁም ሳጥን። የቲቪው ቦታ ፊት ለፊት ሁለት ተንሸራታች ከለላዎች ይኖሩታል፤ እያንዳንዳቸው 72 ሴንቲ። ሲዘጉ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ሲከፈቱ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሄዶ መደርደሪያዎቹን ይሸፍናል። ቲቪው ሲታይ መጻሕፍቱና ሲኒዎቹ ይደበቃሉ፣ እነሱ ሲታዩ ቲቪው ይደበቃል። ወደ ክፍሉ የሚከፈት በር የለም፤ የሚነሣ ጠረጴዛም የለም።

ሐዲዱ ከላይ ይንጠልጠል። ከታች የሚሄድ ሐዲድ በአዲስ አበባ አቧራ በስድስት ወር ይደፈናል፤ የአራት ዓመቱ ልጅዎም ብስኩቱን እዚያ ውስጥ ያጠራቅማል። ከታች ከለላው እንዳይወዛወዝ መሪ ብቻ ይበቃል።

የከለላው ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። አናጺዎ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ይላል። 72 በ100 ሴንቲ የሆነ አንድ ከለላ ከዚያ ሲሠራ 10 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ይሠራል፣ ግን ለእናትዎ ክንድ ይከብዳል፤ ቺፑድ ከሆነማ ብሎኖቹ በዓመቱ እየሰፉ ይወልቃሉ። እኔ የምመርጠው ቀጭን የእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ሸማ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄደው ጥለት የሌለው ወይም በአንድ ጠርዝ ብቻ ቀጭን ጥለት ያለው ያዝዙ። ሙሉ ጥበብ የፈሰሰበት አይውሰዱ፤ ከቲቪው የባሰ ዓይን ይይዛል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሸማኔ ሥራ በስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ፍሬሙ ከመቆረጡ በፊት ጨርቁ ይገዛ፣ ልኩም ከጨርቁ ይወሰድ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ከመወጠሩ በፊት አንዴ ይታጠብ። ፍሬሙ ላይ በሙጫ ሳይሆን በቬልክሮ ይያዝ፤ የዕጣንና የአቧራ ቀለም ሲይዝ አውልቀው ያጥቡታል።

ጨርቅ ከእንጨት የሚሻልበት ሌላ ምክንያትም አለ። የሪሲቨር ሪሞት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በማይታይ ብርሃን ነው፤ እንጨት ያግደዋል፣ ስስ ጨርቅ ግን ያሳልፈዋል። ሪሲቨሩንና የዋይፋዩን ሣጥን ከታች በጨርቅ በተሸፈነ መደርደሪያ ውስጥ ቢያስቀምጡ ከውጭ ይታዘዛሉ፤ ሙቀታቸውም አይታፈንም።

ስለ ሙቀት ካነሣን፣ 55 ኢንች ቲቪ እንደ ሞዴሉ ከ80 እስከ 150 ዋት ይወስዳል፤ ያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ከቦታው ሥርና አናት ላይ በሙሉ ስፋቱ 3 ሴንቲ ክፍተት ይተው፤ ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ሙቁ በላይ ይውጣ። ከለላው ተዘግቶ ቲቪው አይሥራ። የውስጡ ቁመት 95 ሴንቲ ቢሆን ለ55 ኢንች ከላይም ከታችም በቂ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ የስክሪኑ መሃል ከወለሉ 1 ሜትር ከ5 እስከ 1 ሜትር ከ10 ላይ ይዋል፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን እዚያ ነው። ሰዎች ከዚህ ብዙ አስበልጠው ይሰቅሉታል፤ ምግብ ቤት ስለለመዱ ይመስለኛል።

ግድግዳው ግን ያሳስበኛል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በብዛት ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ሶኬ) ባዶው ላይ ከወደቀ የሚይዘው ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ዝም ብሎ የተሰቀለ ቲቪ ይችለው ይሆናል፤ ተስቦ በሚወጣ ክንድ ላይ ያለ ቲቪ ግን ግድግዳውን እየነቀነቀ ይጎትታል። ክንዱ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይታሰር። መጀመሪያ የቲቪውን ቦታ ጀርባ የሚሸፍን 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ በስምንት ወይም በአሥር ቦታ ተበትኖ ይታሰር፣ ክንዱ እሱ ላይ በሚያልፍ ብሎን ይያዝ። ቁም ሳጥኑም ራሱ ከግድግዳው ጋር ይያያዝ፤ የአራት ዓመት ልጅ ላለበት ቤት ይህ ምርጫ አይደለም።

የኮሬንቲው ነገር አጭር ነው። ከቲቪው ጀርባ ሁለት፣ ከታች መደርደሪያው ጋር ሦስት ሶኬት። በሁለቱ መካከል 50 ሚሊ ቱቦ ይቀበር፤ ቀጭን ቱቦ የኤችዲኤምአይን ጫፍ አያሳልፍም፣ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ነው የሚታወቅዎት። ኮለንና ቢም (ሕንፃውን የተሸከሙትን የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) አይቦረቡሩ። ስታቢላይዘር ካላችሁ ዝጉ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን አየር ባለበት ይቀመጥ።

ሌሎች መንገዶችንም ሳትሰሙ አትቀሩም። ሥዕል የሚመስለው ቲቪ አለ፤ ሳምሰንግ ዘ ፍሬም የሚለውን በ2017 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ቆንጆ ነው፤ ግን የበራ ስክሪን ነው፣ ልጆችም ቲቪ መሆኑን ያውቃሉ፣ ሶፋውም አይዞርም። ፕሮጀክተር ለምሽት ፊልም ደስ ይላል፤ ለእናትዎ የከሰዓት ድራማ ግን ቤቱን ማጨለም ሊያስፈልግ ነው። ከሣጥን ውስጥ በሞተር የሚነሣውን በተለይ አልመክርም፤ መብራት ሲሄድ ቲቪው ግማሽ ወጥቶ እንደቆመ ይቀራል። ለተከራየ ሰው ከሆነ የምለው ሌላ ነው፦ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ሐዲድ ኮርኒሱ ላይ፣ ከሥሩ ወፍራም መጋረጃ፤ ሲለቁ ነቅለው ይሄዳሉ።

ቲቪውን ወደ እናትዎ መኝታ ቤት እናስገባው የሚል ሐሳብ በቤቱ ውስጥ ከተነሣ ግን እባክዎ አይቀበሉት። ሳሎኑ ይጸዳል፣ እሳቸው ግን ከሰዓት በኋላቸውን በር ዘግተው ብቻቸውን ያሳልፋሉ። እንዲያውም የዚህ ሁሉ ሥራ መለኪያ እሳቸው ናቸው። ከለላውን ለመክፈት «ማሙሽ፣ ና ክፈትልኝ» ማለት ካለባቸው፣ በልጃቸው ቤት ቲቪ ለማየት ፈቃድ እንደሚጠይቁ ይሰማቸዋል። ስለዚህ እጀታው ጎንበስ ሳይሉ፣ ሳይንጠራሩ የሚደርሱበት፣ ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ከፍታ ላይ፣ በጣት ቆንጥጦ ሳይሆን በመዳፍ የሚያዝ ረጅም ይሁን። ሪሞቱም ከወንበራቸው ክንድ ጎን የራሱ ኪስ ይኑረው። ሲያዩ ሌላው ሰው ቡና እየጠጣ ቢያወራ የሚቆጡ ከሆነ ያንን እኔ አልፈታውም።

ቡፌው ከተነሣ በኋላ ከላዩ የነበሩት ፎቶዎች ቦታ ያጣሉ። ብዙ ቤት የምረቃ ፎቶው ጋዋኑን እንደለበሰ ከቲቪው በላይ ይሰቀላል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው በዚያ አቅጣጫ እያየ ማንም አያየውም። ወደ ቀኝ ግድግዳ፣ ከአጭሩ ሶፋ በላይ ያምጧቸው፤ ከእናትዎ ወንበር ፊት ለፊት ይውላሉ። ኮርኒሱ መሃል ላይ ያለው አንድ ነጭ አምፖል ደግሞ ምሽት ላይ ሁሉንም ነገር እኩል ስለሚያበራ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ቢጫ ብርሃን ያላቸው ሁለት መብራቶች፣ አንዱ ከቡናው ጥግ፣ ሌላው ከመደርደሪያው ውስጥ፣ ከለላው ሲዘጋ ግድግዳው እንዳይጨልም ይረዳሉ።

ለአናጺው ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሶፋውን ለያይተው እንዳልኩት ያዙሩት፣ ቲቪው ላይ አንድ አሮጌ ነጠላ ጣል ያድርጉበት፣ ሁለት ሳምንት ይኑሩበት። ነጠላው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሣና ማን እንደሚመልሰው፣ እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ፣ ባለቤትዎ ጓደኞቻቸውን ለኳስ ሲጠሩ ስንት ወንበር እንደሚጎድል ያስተውሉ። ሶፋው ወደ ድሮ ቦታው በራሱ እየተሳበ ከተመለሰ መተላለፊያው ጠቦ ይሆናል፤ አንድ 20 ሴንቲ ወደ በረንዳው ያስጠጉት።

ከዚያ ግራውን ግድግዳ በጣትዎ መገጣጠሚያ ከዳር እስከ ዳር እያንኳኩ ይሂዱ። ድምፁ ከሚያስተጋባ ወደ ደፈነ የሚቀየርበት ቦታ ካለ እዚያ ኮለን አለ ማለት ነው፤ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ከበረንዳው ያለውን ርቀት ይጻፉልኝ። የ144 ሴንቲው ቦታ ከዚያ ላይ ከዋለ ሶኬቶቹን ማዛወር ይኖርብናል።